ጦሳ የታለ?

ማታ ሱቅ ስዘጋ፥ ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ፣
«አዲስ ሥርዓት መጥቷል፥ ልጫነው ወይ?» ብሎኝ፤
«እሺ» አልኩት ደክሞኝ።

አባቴ ነጋዴ፥ ያውቅ ነበር ጭነት፣
ባቲ ሊሻገር ሲል፥ በቅሎ ሲያሰናዳ፥ ጠፍር ሲያጠብቅበት፣
«በጨለማ አትጫኝ» ይለኝ ነበር ያኔ፤
ረሳሁት እኔ።

ጧት መጥቼ ብነካው፥ ማራገቢያው ዞረ፣
ትንሿ መብራትም አረንጓዴ በራች፥ ሁሉ ነገር ኖረ፤
ስክሪኗ ግን ጥቁር፥ እንደ ከሰል ጆንያ ውስጥ ድቅድቅ ያለ ጥቁር፣
አንዲት ነቁጥ እንኳ፥ ዓይን የምታሳርፍ፥ የላት ለምስክር።

ገመዱን ነቀልኩት፥ መልሼ ሰካሁት፣
በሌላ ቀየርኩት፤
ከፎቶ ቤቱ ሄጄ ሞኒተር ተዋስኩ፣
እሱም መጥቶ ጠቆረ። ዝም ብዬ አፈጠጥኩ።

ደሴ በውጭ ነጭ፤ የሐምሌ ጉም ወርዶ
አራዳን ጠቅልሎት፥ የፍርድ ቤቱን አጥር ከነበሩ ጋርዶ፤
እኔ ውስጤ ጥቁር፥ ከተማው ነጭ ሆነን፣
ሁለታችን ጠፋን።

አያ እብሬ ቆመዋል፥ ከኩታበር መጥተው፣
ጃንጥላቸው ወለሌ ላይ ያንጠባጥባል፤ የይግባኝ ቀናቸው ዛሬ ነው የሚያልቀው።
ትናንት የነገሩኝ፥ የወሰኑ ድንጋይ፥ የባሕር ዛፉ ነገር፣
ሳይታተም አድሮ እዚያው ውስጥ ነው ያለው፥ ከጥቁሩ ሥር።

«ጠፋ ወይ?» አሉኝ።
«እንጃ» አልኳቸው።
በከዘራቸው ጫፍ ከበሩ ማዶ ነጩን አሳዩኝ፤
«ጦሳ የታለ?»
«ጉም ነው።»
«ጠፋ ብሎ ያለቀሰ ሰው አለ? እስኪ ንገሪኝ።»
«አብሽሪ» አሉ ደግሞ፤ ተቀመጡ ካርቶን ላይ፣
እኔን እያስተዋሉ፥ እኔ ጥቁሩን ሳይ።

ፋሲካው ጋ ደወልኩ፥ ከኮምቦልቻ ሲመጣ፣
ሐረጎን በሚኒባስ እየተጠማዘዘ ሲወጣ።
«የካፒታል ፊደሉን ቁልፍ ተጫኚው፤ መብራቷ በራች?»
ተጫንኩ። በራች። ደገምኩ። ጠፋች።
«በቃ አልሞተም፤ ዓይኑ ነው» አለ፥ «አዲሱ ሥርዓት ሲመጣ
የስክሪን ካርዱን ቋንቋ አላወቀውም፤ አሁን አንቺ...»
ኩርባ ገባ። ድምፁ ታጣ።

ሦስቴ ሞከርኩ። በአራተኛው፦
«ሦስቱን ቁልፎች አንድ ላይ ያዢ፥ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ጓዳ ይከፈታል።»
ተከፈተ? እንጃ፤ ያው ጥቁር ነው፥ ምን ያስታውቃል።
«ይሁን፥ በዳበሳ ጻፊ፤ ስምሽን፥ ከዚያ የይለፍ ቃልሽን።»
የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀበትን ቀን ጻፍኩ፥ የልጄን።
ከዚያ ፊደል በፊደል «ያለውን ሁሉ አትም» የሚለውን ነገረኝ፤
ሃያ ዓመት የተየቡ ጣቶቼ፥ ዓይኔን ሳይጠይቁ መሩኝ።

ዝም አለ።
አያ እብሬ ተነሡ። ዝናቡ ጀመረ፥ ቆርቆሮው ተንጫጫ፤
ድንገት ከጥጉ ላይ አታሚዋ ሳለች። መጀመሪያ የወጣው፦
የሠርግ ጥሪ ነው።
ቀጥሎ የእድር ማስታወቂያ፥ የቤት ኪራይ ውል፥
ሥራ የሚፈልግ ልጅ የሕይወት ታሪክ፥ ከነፎቶው በሙሉ፣
የጠፋች ላም፥ ቀንዷ ጎበጥ ያለ፥ «ላገኘ ወሮታ» የሚሉ፤
ዓመት ሙሉ የተየብኩት የሰው ጉዳይ ሁሉ
እየሞቀ ወጣ፥ ወለሉን አለበሰ።
አያ እብሬ ተንበረከኩ። ማንበብ አይችሉም፤ የስማቸውን መልክ ግን ያውቁታል፤
በአሥራ ዘጠነኛው ላይ ስማቸው ደረሰ።

የአንዱን ገጽ ከፈሉኝ። ከጃኬታቸው ሥር ደረታቸው ላይ ሸሽገው ወጡ።
ጃንጥላዋ ትንሽ ቆየች።
ጠፉ።
አሉ።

ፋሲካው ናዳ ዘግቶበት፥ ስምንት ሰዓት ደረሰ፥ ሱሪው ጭቃ ብቻ፣
ኔትወርክ የለም፤ «ነገ እናያለን» አለና ተመለሰ ኮምቦልቻ።

ስክሪኗ አሁንም ጥቁር ናት። ይህን በእርሳስ ነው የምጽፈው፥
በሠርግ ጥሪው ጀርባ።
ከጦሳ በኩል ጭላጭ ብርሃን መጥቷል፥ ከጉሙ አምልጦ፤
ወረቀቱን ከፍ ሳደርገው፥ የሙሽሮቹ ስም ከመስመሬ ሥር ይታያል፥
ተገልብጦ።